የኖ ጭምብል በጥቁር ቀለም ሥዕል

የኖ ሥዕል ታሪኩን፣ ገጸ ባሕርያቱንና የሰውነት አቋሙን ኖ ከተባለው ጥንታዊ የጃፓን ጭምብል ለባሽ ቴአትር ወስዶ በብሩሽና በጥቁር ቀለም የሚሠራ የሥዕል ዘርፍ ነው። የቴአትር መምህራን ለደቀ መዛሙርታቸው የነደፏቸው ምስሎች፣ ሠዓልያን ከመድረክ ያዩትን ቶሎ ብለው ያሰፈሩባቸው ወረቀቶች፣ ለእንጨት ኅትመት መነሻ የሆኑ ንድፎችና በቀለም የዳበሩ ጥቅል ሥዕሎች ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዘርፉ ሰዎች ይበልጥ የሚጠቀሱት ካዋናቤ ኪዮሳይ (1831–1889) እና ትሱኪዮካ ኮግዮ (1869–1927) ናቸው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ፈተና ከሌላው የሰው ሥዕል ይለያል። በሌላው ሥዕል የሰውን ስሜት የምናነበው ከፊቱ ነው፤ በኖ ግን ፊቱ እንጨት ነው፤ አይስቅም፣ አያለቅስም፣ ዐይኑን አይከድንም። ስለዚህ ጥሩ የኖ ሠዓሊ የሚለየው ጭምብሉን የተሸከመውን አንገት፣ ትከሻና ተረከዝ በቦታቸው በማስቀመጡ ነው። ጭምብሉን ብቻ አሳምሮ የሣለ ሰው የሙዚየም ዕቃ ሣለ እንጂ ኖን አልሣለም።

ቴአትሩና መድረኩ

ኖ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ነው። ካንአሚ (1333–1384) እና ልጁ ዜአሚ፣ ሳሩጋኩ ይባል የነበረውን የአደባባይ ትርኢት ከግጥም፣ ከዜማና ከዝግታ ውዝዋዜ ጋር አዋሕደው ለመኳንንት ጆሮና ዐይን የሚመጥን ጥበብ አደረጉት። በ1370ዎቹ የጃፓን ወጣት ሾጉን (የጦር ገዢ) አሺካጋ ዮሺሚትሱ አባትና ልጁን ኪዮቶ ውስጥ ሲጫወቱ አይቶ ደጋፊያቸው ሆነ። ዜአሚ ግን በስተርጅናው ሞገሱን አጥቶ በ1434 ወደ ሳዶ ደሴት ተጋዘ። ዩኔስኮ ኖንና አብሮት የሚቀርበውን ኪዮገን የተባለ ቀልደኛ ቴአትር በ2001 ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰሱ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ ያወጀ ሲሆን፣ በ2008 ደግሞ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።

መድረኩ በየጎኑ ስድስት ሜትር ያህል የሆነ ባዶ የእንጨት ወለል ነው። የፊት መጋረጃ ወይም ቤትና ተራራ የሚያሳይ ጌጥ የለውም፤ በኋላ ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የፓይን ዛፍ ተሥሏል፤ ድርሰቱ ቢለዋወጥም ዛፉ ያው ነው። ተዋናዩ በግራ በኩል ባለው ረጅም መተላለፊያ እግሩን ከወለሉ ሳያነሣ እየተንሸራተተ ይገባል። በእጁ የያዘው ማራገቢያ እንደ አስፈላጊነቱ ሰይፍ፣ ዋንጫ ወይም ደብዳቤ ይሆናል። ከነበረበት ሳይርቅ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ብዙ አገር አቋርጦ እንደ ደረሰ ይቆጠርለታል። ይህ ሁሉ ለጥቁር ቀለም ሠዓሊ የተመቸ ነው። ወረቀቱን መሙላት አይጠበቅበትም፤ ያልተነካው ነጭ ወረቀት መድረኩ ነው።

ጭምብሉ ራሱ ሥዕል ነው

የኖ ጭምብል የሚፈለፈለው ሂኖኪ ከተባለው የጃፓን ጥድ ነው። የተጠረበው ፊት በባሕር ዛጎል ዱቄትና በሙጫ ድብልቅ ደጋግሞ ይቀባል፤ ይሞረዳል፤ እንደገና ይቀባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥቁር ቀለምና የቀጭን ብሩሽ ነው። ኮኦሞቴ የተባለችውን የልጃገረድ ጭምብል ቀረብ ብሎ ለተመለከተ፣ ከግንባሯ መሐል ተከፍሎ በግራና በቀኝ የሚወርደው ፀጉር ዳርና ዳሩ ላይ ሦስት ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይወርዳሉ እንጂ አይጠላለፉም። በሌሎቹ የሴት ጭምብሎች ላይ የመስመሮቹ ብዛትና አካሄድ ይለያያል፤ ባለሙያ ከሩቅ አይቶ ማን ማን እንደሆነች የሚለየው በዚሁ ነው። በድሮው የቤተ መንግሥት ሴቶች ልማድ መሠረት የተፈጥሮ ቅንድቧ ተላጭቶ፣ በምትኩ ግንባሯ ላይ ከፍ ብሎ የተቀባው ቅንድብ ጠርዙ እንደ ጭስ ይበተናል። ጥርሶቿ ጥቁር ናቸው። የብሌኗ ቀዳዳ አራት ማዕዘን ነው፤ የተዋናዩ ዐይን ዓለምን የሚያየው በዚህች ጠባብ መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ አቅጣጫውን የሚያውቀው ከመድረኩ ምሰሶዎች ነው።

እንግዲህ የኖ ጭምብልን በብሩሽ የሚሥል ሰው ሌላ ብሩሽ የሠራውን ሥዕል ነው እንደገና የሚሥለው። አንዱ ስውር ችግር ይህ ነው። ቅንድቡን አጥርቶ ካሠመረው ልጃገረዷ ሕያው ሰው ትመስልና ጭምብልነቷ ይጠፋል፤ በጣም ካደበዘዘው ደግሞ ፊት መሆኗ ይቀራል።

ሌላው የሠዓሊ መፈተኛ አገጭ ነው። የኖ ጭምብል ከሰው ፊት ያንሳል፤ ሲታሠር የተዋናዩ አገጭና የጉንጩ ታችኛ ክፍል ከሥር ይታያል። የሃያ ዓመት ልጃገረድ ጭምብል ሥር የሽማግሌ ጉሮሮ ብቅ ሲል ለአዲስ ተመልካች እንግዳ ነገር ነው፤ የለመደው ግን አያየውም። ሥዕሉን ከመድረክ የሠራ ሰው ያንን የሥጋ ክፋይ አይረሳውም፤ ከታሪኩ ብቻ የሠራ ሰው ይዘለዋል። ሥዕል ስመለከት መጀመሪያ ዐይኔ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የጭምብሉ ስሜት የሚለዋወጠው በዘንበልታ ነው። ተዋናዩ ጭምብሉን በትንሹ ቀና ሲያደርገው ብርሃን ይቀበላል፤ ፊቱ ፈካ ይላል። ጎንበስ ሲያደርገው ግንባሩ ዐይኑን ይጋርዳል፤ ፊቱ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ቴራሱ፣ ሁለተኛው ኩሞራሱ ይባላል። በ2000 በብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አንድን ጭምብል በተለያየ ዘንበልታ ለጃፓናውያንና ለብሪታንያውያን ተመልካቾች አሳይቶ፣ እንጨቱ ሳይለወጥ ያዩት ስሜት እንደሚለዋወጥ አረጋግጧል። ተዋናዩ ይህን በእንቅስቃሴ ያሳያል፤ ሠዓሊው ግን ከዘንበልታዎቹ አንዱን ብቻ መርጦ እዚያው መቆም አለበት።

ሱሚ

ሠዓልያኑ የሚጠቀሙበት ጥቁር ቀለም ሱሚ ይባላል። ከዘይት መብራት ወይም ከፓይን እንጨት የተሰበሰበ ጥላሸት፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በተፈላ ሙጫ ተለውሶ፣ በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ተጠፍጥፎ እንዲደርቅ ይደረጋል። ሙጫው በሙቀት ስለሚበላሽ ሥራው የብርድ ወራት ነው፤ በሌሎቹ ወራት ምርቱ ይቆማል። የሱሚ ዋና አገሩ ናራ ከተማ ሲሆን፣ ኮባይኤን የተባለው ቤት ከ1577 ጀምሮ እዚያው ይሠራል። ሠዓሊው ደረቁን ዘንግ በድንጋይ ላይ ከውኃ ጋር ቀስ እያለ ይፈጫል፤ ውኃው ሲበዛ ግራጫ፣ ሲያንስ ጥቁር ይሆናል። ለሱሚ የሚውለው ሙጫ ለጭምብሉ ቅብም ይውላል፤ ጭምብሉና ሥዕሉ ከአንድ ጓዳ የወጡ ናቸው ማለት ይቻላል።

በጃፓን ወረቀት ላይ ያረፈ ሱሚ አይሰረዝም። ብሩሹ ረጥቦ ከዘገየ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ጭረት ሰርጎ ይስፋፋል፤ ደርቆ ከፈጠነ መስመሩ ይሰነጣጠቃል። የኖ ሠዓልያን ሁለቱንም ለይተው ያውሉታል። ሰፊውን የልብስ እጅጌ አንድ እርጥብ ምት ይጨርሰዋል፤ የጋኔን ፀጉር ደግሞ ደረቅ ብሩሽ ይፈልጋል። ከባዱ ነገር የእግሩ ነጭ ካልሲ ነው። ተዋናዩ ተረከዙን ሳያነሣ ጣቱን ብቻ ከፍ አድርጎ የሚንሸራተትበትን ቅጽበት በአንዲት አጭር መስመር መያዝ፣ ከጠቅላላው ቀሚስ ይልቅ ያደክማል።

የዜአሚ እርቃን ምስሎች

የመጀመሪያዎቹ የኖ ንድፎች ከሠዓሊ እጅ አልወጡም። ዜአሚ በ1421 ኒክዮኩ ሳንታይ ኒንግዮዙ የተባለ፣ በምስል የተደገፈ የትወና መመሪያ አዘጋጀ። ለእኛ የደረሰው በአማቹ በኮምፓሩ ዜንቺኩ በኩል ነው። ዜአሚ ለተዋናይ ሦስት መሠረታዊ ሰዎችን ይሰጠዋል፤ ሽማግሌ፣ ሴትና ጦረኛ። ሦስቱንም የሣላቸው ልብስ ሳያለብስ ነው። ልብሱ ከተገለጠ ወገቡ የት እንደሚጠብቅ፣ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይታያል። ሽማግሌው ዐይኑን ሩቅ ጥሎ ልቡ ረግቶ ይቆማል፤ ሴቷ ጉልበትን ከሰውነቷ አውጥታ ጥላለች፤ ጦረኛው ኃይሉን ይዞ ልቡን ለዝርዝሩ ያውላል።

ምስሎቹ በሥዕል ሙያ ካየናቸው ተራ ናቸው። ሆኖም ከዜአሚ በኋላ ለመጣው ሁሉ ቁልፉ እዚያ ነው። የኖ ልብስ ወፍራም ሐርና የወርቅ ክር ነው፤ በተዋናዩ ላይ እንደ ሳጥን ይቆማል። ከሥሩ ያለውን ሰውነት የማያውቅ ሠዓሊ ባዶ ልብስ ይሥላል።

ካዋናቤ ኪዮሳይ

ኪዮሳይ በኮጋ ተወልዶ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ አደገ። በልጅነቱ ከታዋቂው የኅትመት ሠዓሊ ከኡታጋዋ ኩኒዮሺ ዘንድ ጥቂት ተምሮ፣ ኋላ ለቤተ መንግሥት ይሠራ ወደነበረው ወደ ካኖ የሥዕል ቤት ገባ። መምህሩ የሥዕል ጋኔን ብሎ ቅጽል ስም አወጣለት። በዘጠኝ ዓመቱ ከወንዝ ያገኘውን የተቆረጠ የሰው ራስ ወስዶ ሣለው የሚለው ታሪክ ከእሱ ጋር አብሮ ይነገራል።

ከሌሎቹ የሚለየው የኪዮገን ተማሪም በመሆኑ ነው። ኦኩራ የተባለውን የኪዮገን ዘይቤ ተምሮ ራሱ መድረክ ላይ ተጫውቷል። የኖና የኪዮገን ሥዕሎቹ የተመልካች ሥዕል የማይመስሉት ለዚህ ይሆናል። ተራ ሠዓሊ ተዋናዩን እንቅስቃሴው ሲያልቅ፣ እጁ ተዘርግቶ ሲቆም ይሥለዋል፤ ኪዮሳይ የሚይዘው ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። የኪዮገን ተዋናይ ብዙ ጊዜ ጭምብል ስለማይለብስ በሥዕሎቹ ውስጥ የሳቀ ፊት ከእንጨት ፊት ጎን ይገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በመስመር ውፍረት ብቻ ማሳየት ችሏል።

አሠራሩን ደቀ መዝሙሩ የነበረው እንግሊዛዊ አርክቴክት ጆሳያ ኮንደር (1852–1920) ጽፎት እናገኛለን። ኮንደር በቶኪዮ ሮኩሜይካን የተባለውን የእንግዳ መቀበያ የሠራ፣ የጃፓን ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ አባት የሚባል ሰው ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከኪዮሳይ እግር ሥር ተቀምጦ መማር ጀመረ፤ ስለ መምህሩ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1911 ታተመ። ኪዮሳይ የሚሥለውን ነገር ፊቱ አስቀምጦ አይገለብጥም። ቆሞ ያያል፣ ያያል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ከትዝታው ያወጣዋል፤ የጎደለው ካለ ተመልሶ ያያል። ይህ ልማድ ለኖ የተሠራ ይመስላል፤ ትርኢቱ ለሠዓሊ ብሎ አይቆምም።

የቀሩት መነሻ ንድፎቹ ከተጨረሱት ሥራዎቹ ባልተናነሰ ይፈለጋሉ። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ፣ ያልተወደደው ክፍል ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎበት እንደገና ተሥሎ ይታያል። በሰው ፊት ሲሠራ ግን ሌላ ሰው ነበር። መጠጥ ወዳጅ ነበርና በ1870 በአንድ የሠዓልያን ግብዣ ላይ ሰክሮ በሣለው ባለሥልጣናትን የሚነካ ሥዕል ታሠረ፤ ተገርፎም ተለቀቀ። በ1880 ለሺንቶሚዛ የካቡኪ ቴአትር ቤት 17 ሜትር የሚረዝም መጋረጃ በአራት ሰዓት ውስጥ ሥሎ ጨርሷል። ካቡኪ የተባለው የጃፓን ቴአትር ጭምብል የለውም፤ ኪዮሳይ ግን በጊዜው የታወቁትን ተዋንያን ጋኔን አድርጎ ሣላቸው።

ከ1868 በኋላ፤ ኮግዮ

የሾጉኖች አገዛዝ በ1868 ሲወድቅ ኖ ደሞዝ ከፋዩን አጣ። ተዋንያን ልብስና ጭምብል ሸጠው፣ ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ። ኡሜዋካ ሚኖሩ (1828–1909) የተባለው ተዋናይ በቶኪዮ መጫወቱን አላቋረጠም፤ ባላባቱ ኢዋኩራ ቶሞሚም ለጥበቡ ቆመ። በ1879 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ጃፓንን ሲጎበኙ ኖ ታየላቸው። በ1881 በሺባ መናፈሻ የሕዝብ የኖ መድረክ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ኖን ማየት የሹማምንት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አዲሱ ተመልካች ደግሞ ያየውን ቤቱ ወስዶ የሚያስታውስበት ሥዕል ፈለገ።

ትሱኪዮካ ኮግዮ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የእንጀራ አባቱ የዘመኑ ታላቅ የኅትመት ሠዓሊ ዮሺቶሺ (1839–1892) ነበር፤ ዮሺቶሺ ራሱ ኖን የሚወድና ዜማውን የሚማር ሰው ነበር። ኮግዮ ከእሱና ከኦጋታ ጌኮ ተምሮ ዕድሜውን በሙሉ ለኖ ሰጠ። ኖጋኩ ዙኤ የተባለው ትልቁ ስብስቡ ከ1897 እስከ 1902 የወጣ ሲሆን ከ250 የሚበልጡ ኅትመቶች አሉት። በ1920ዎቹ ኖጋኩ ህያኩባን የተባለ የ120 ኅትመቶች ስብስብ ተከተለ። ኖጋ ታይካን የተባለው የመጨረሻው ሥራ ተጠናቆ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ልጁ ግዮኩሴይ (1908–2009) ሙያውን ወርሳ የኖ ሠዓሊ ሆናለች።

ኮግዮ በኅትመቱ ባለ ቀለም ነው፤ የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ከኅትመቱ ሥር ያለው ጥቁር መስመር ነው። በጃፓን የእንጨት ኅትመት ሠዓሊው በቀጭን ወረቀት ላይ በሱሚ ንድፉን ይሥላል። ቀራጩ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ እንጨቱ ላይ ይለጥፍና ከነወረቀቱ ይቀርጸዋል። ንድፉ በቢላዋው ሥር ይጠፋል። ስለዚህ ሠዓሊው በእጁ የሠራው የመጨረሻ ሥራ የሚቀረው ያልታተመ እንደሆነ ብቻ ነው፤ የታተመው በቀራጭ እጅ የተተረጎመ ነው። ኮግዮ ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል፣ ብዙ ኅትመቶቹ ላይ መስመሩ ልክ ከብሩሽ አሁን የወጣ ይመስል ሻካራና ስንጥቅጥቅ ሆኖ እንዲቀረጽ አድርጓል፤ የኋላው ወረቀትም ባዶ ይተዋል። ተዋናዩ ብቻውን ይቆማል፤ ጥግ ላይ አንዳንዴ ከድርሰቱ ጋር የሚሄድ አንድ አበባ ወይም ዕቃ ይጨመራል። የመልበሻ ክፍሉንና ልብስ የሚያስተካክሉትን ረዳቶችም የሚያሳዩ ኅትመቶች አሉት።

እኔ ከሁለቱ ኪዮሳይን አስበልጣለሁ። ይሁንና የ1900ዎቹ መጀመሪያ ተዋንያን እንዴት ይቆሙ እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ኮግዮ ነው፤ እሱ ከሥዕል ይልቅ ለመዝገብ ታማኝ ነበር።

ሃንያ

ከኖ ጭምብሎች ሁሉ ከቴአትሩ አልፎ የተንሰራፋው ሃንያ ነው፤ ቅናት ወደ ጋኔን የለወጣት ሴት ፊት። ሁለት ቀንዶች፣ የወርቅ ቀለም ያላቸው ዐይኖች፣ እስከ ጆሮ የተከፈተ አፍ አላት። የለውጡ ደረጃ በጭምብሎቹ ይታያል፤ ናማናሪ ገና ብቅ ያሉ ቀንዶች አሏት፣ ሃንያ መሐል ላይ ናት፣ ጃ የተባለችው ከሰውነት ወጥታ እባብ ሆናለች። በአኦይ ኖ ኡኤ ድርሰት ሃንያን የምትለብሰው ሮኩጆ የተባለች ባላባት እመቤት ናት፤ ሕያው ነፍሷ ከሥጋዋ ወጥታ የባላንጣዋን የአኦይን ሕይወት ታጠቃለች። አኦይ ራሷ መድረክ ላይ የለችም። በመድረኩ ፊት የታጠፈ ቀሚስ ይነጠፋል፤ እሱ አኦይ ነው። ለሮኩጆ ነጣ ያለ ሃንያ፣ በዶጆጂ ድርሰት መነኩሴውን እስከ ገዳሙ ደወል ለተከታተለችው ሴት ደግሞ ቀላ ያለ ይመረጣል።

ሃንያን በወረቀት ላይ ማበላሸት ቀላል ነው። ብዙ ሰው አፉን ይሥላል። የጭምብሉ ጥበብ ግን ከሁለት መከፈሉ ነው፤ ከአፍንጫ በታች ቁጣ ነው፣ ከአፍንጫ በላይ የተሰበሰበው ግንባርና የጠለቀው ዐይን ሐዘን ነው። ጎንበስ ስትል አፏ በጥላ ይሸፈንና የምታለቅስ ሴት ትሆናለች። ጥሩ ሠዓሊ ላይኛውን ክፍል በቀጭንና በለሰለሰ ግራጫ ይሠራዋል፤ ጥቁሩን ለአፉ ውስጥ ያስቀምጣል።

የኅትመት ሠዓሊው ሆኩሳይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሠራው የመናፍስት ኅትመት ሃንያን ስትስቅ አሳይቷታል፤ በእጇ የሕፃን ራስ ይዛለች። ሠዓሊዋ ኡኤሙራ ሾኤን (1875–1949) ደግሞ በ1918 ሆኖኦ በተባለው ሥራዋ ሮኩጆን ያለ ቀንድና ያለ ጭምብል፣ ፀጉሯን በጥርሷ ነክሳ ወደ ኋላ ስትዞር ሣለቻት። ሥዕሉ ሐር ላይ በቀለም የተሠራ ስለሆነ ከዚህ ዘርፍ ዳር ይቆማል፤ አንድ ነገሩ ግን ከጭምብል የመጣ ነው። ዴይጋን የተባለው፣ ሮኩጆ ሃንያ ከመሆኗ በፊት የምትለብሰው ጭምብል የዐይኑ ነጭ ወርቅ ይቀባል። ሾኤን የኖ መምህር ምክር ተቀብላ፣ በዐይኗ ትይዩ ከሐሩ ጀርባ ወርቅ ቀባች።

ሃንያ በሰው ቆዳ ላይም አለች። በጃፓን ባህላዊ ንቅሳት ጀርባና ክንድ ላይ ከሚነቀሱት ምስሎች ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። የዮኮሃማው ነቃሽ ሆሪዮሺ ሳልሳዊ የጋኔን ንድፎቹን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ በወረቀት ላይ የሚያያቸው ሰው የኪዮሳይን እጅ ከሩቅ ያስታውሳል።

ከጃፓን ውጭ

በአውሮፓ ኖ የታወቀው መጀመሪያ በጽሑፍ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ፌኖሎሳ (1853–1908) ከኡሜዋካ ሚኖሩ ዘንድ ኖን ተምሮ የተወው ማስታወሻ በገጣሚው ኤዝራ ፓውንድ እጅ ተዘጋጅቶ ወጣ። በ1916 የአየርላንዱ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ በዚያ ተነሣሥቶ የጻፈው አጭር ተውኔት ለንደን ውስጥ በአንድ ሳሎን ታየ። ጭምብልና ልብሱን የነደፈው ሠዓሊው ኤድመንድ ዱላክ፣ ጭልፊት ሆኖ የጨፈረው ጃፓናዊው ኢቶ ሚቺዮ ነበር። የዱላክ ንድፎች ያማሩ ናቸው፤ ከኖ የወሰዱት ግን መንፈሱን ነው እንጂ አቋሙን አይደለም።

የኪዮሳይን መነሻ ንድፎች ማየት የሚፈልግ በሳይታማ ግዛት በዋራቢ ከተማ በ1977 ወደ ተከፈተው የመታሰቢያ ሙዚየሙ መሄድ ይችላል፤ የብሪቲሽ ሙዚየምም ሥራዎቹን ይዟል። የኮግዮን ኅትመቶች የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩትና በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ ኮሌጅ ያስቀመጧቸው ሲሆን፣ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስብስቡን በዲጂታል መልክ ለማንም ክፍት አድርጎታል።